ባሌስትራ ይጨመርላት!

ፊዚክስ የተሸነፈበትን አገር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የእኛ ጋራዦች ጉዳዩን ከጨረሱት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ከፋብሪካ ስትወጣ የመጫን አቅሟ፣ እንደ ሞዴሏ ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም፣ አንድ ቶን ገደማ ነበር፤ በገበያ ቋንቋ 10 ኩንታል። ሠላሳ ዓመት አገልግላ፣ ሻንሲዋ ሦስት ቦታ ተበይዶ፣ ቀለሟ ሁለቴ ተቀይሮ ስታበቃ ግን 20 ኩንታል ትጭናለች። ሰው ሲያረጅ ጉልበት ይከዳዋል፤ ፒክአፕ ዕድሜ ሲጫናት ትፈረጥማለች። ምስጢሩ ምንድን ነው ቢባል መልሱ አጭር ነው፦ «የድሮ ብረት እኮ ናት፤ ደግሞ ባሌስትራ ተጨምሮላታል።»

ባሌስትራ ጭነት መሸከሙን ማንም አይክድም። የመጫን አቅም የሚባለው ግን የሻንሲው፣ የአክስሉ፣ የኩሽኔታው፣ የጎማውና የፍሬኑ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ቁጥሩን የሚወስነውም ከመካከላቸው ደካማው ነው። ጎማው ጎን ላይ 100 የሚል የጭነት መለያ ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 800 ኪሎ ነው፤ ባሌስትራ ስለተጨመረ 801 አይሆንም። ፍሬንም እንደዚያው፦ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን፣ ለመቆም ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ጉልበትም እጥፍ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ያንን ሙቀት የሚቀበለው ያው የድሮው የፍሬን ሸራ ነው።

ጥበቡ ይበልጥ የሚደነቀው ግን ከመኪናዋ ሥር ተገብቶ ሲታይ ነው። በብዙዎቹ የድሮ ሃይሉክሶች ላይ የኋላ አክስሉን የፍሬን ዘይት ግፊት ከሚቆጣጠር ቫልቭ ጋር የምታገናኝ ቀጭን ዘንግ አለች። ጭነት ሲበዛ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ይህን ትነግረውና ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ስትሆን ኋላዋ ከፍ ይላል፤ ጎማው እንዳይቆልፍ ቫልቩ ግፊቱን ይቀንሳል። አሁን ባሌስትራ ጨምሩ። ኋላዋ አይወርድም፤ ቫልቩም «ባዶ ናት» ብሎ ያርፈዋል። 40 ከረጢት ሲሚንቶ፣ ማለትም 20 ኩንታል፣ ተሸክማ ቁልቁለት የምትወርደው መኪና ባዶ እንደሆነች እየታሰበ ፍሬን ይመደብላታል። መጎበጧ አቤቱታ ነበር፤ እኛ አፏን ዘጋንና «አቅም ጨመረች» አልን።

ፋብሪካው ለጥንቃቄ ሲል ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ነው የጻፈው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ መጠባበቂያ ትቷል፤ የተወው ግን ለጉድጓድ ነው። የተጫነች መኪና በፍጥነት ጉድጓድ ስትመታ አክስሉ ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ ለቅጽበትም ቢሆን፣ ቆማ ሳለች ከነበረው እጅግ ይበልጣል። መንገዳችን ደግሞ በጉድጓድ አይታማም። መጠባበቂያውን በሽንኩርት ሞልተን ጉድጓዱን በምን ልንቀበለው ነው? ሌላው የሚጠቀሰው ማስረጃ የእንግሊዞቹ የመኪና ቴሌቪዥን ፕሮግራም «ቶፕ ጊር» ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የ1988 ሞዴል ሃይሉክስ ባሕር ውስጥ ከተቷት፣ እሳት ለኮሱባት፣ ፎቅ አናት ላይ አውጥተው ፎቁን አፈረሱት፤ ሞተሯ ግን ተነሣ። ግሩም ነው። የተፈተነው መነሣቷ እንጂ 20 ኩንታል ጭና መቆሟ አልነበረም፤ የእኛ ችግር ደግሞ መነሣት ሆኖ አያውቅም።

በኑሮው ክርክር ላይ ማሾፍ ግን ይከብዳል። ኪራይ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ነዳጅ ውድ ነው፤ ሁለት ምልልስ ያከስራል። ባለንብረቱ ሂሳብ ያውቃል። ከሂሳቡ የሚጠፋው የሰው ክብደት ብቻ ነው፦ ከጭነቱ በላይ የተቀመጡ ስድስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ ቢመዝኑ 390 ኪሎ፣ ወደ 4 ኩንታል ናቸው፤ የሚቆጠሩት ግን ሒሳብ ሲከፍሉ ነው። መኪናዋ ገደል ስትገባ ደግሞ ሊብሬው ከኪስ ይወጣና 10 ኩንታሉ ድንገት ይታወሳል። ባለንብረቱ ያኔም ለመድን ድርጅት በሚጽፈው ማመልከቻ ላይ «ባሌስትራ ስላስጨመርኩ 20 ጭኜ ነበር» ብሎ ቢጽፍ እምነቱን ባከበርንለት ነበር።