ዳሩ የአይሱዙ፣ መሃሉ የዚል

ሐምሌ 1998 ዓ.ም.፣ ከቱም ወደ ማጂ በሚያወጣው ዳገት ላይ ረዳቴ «ጋሼ፣ ሸተተኝ» አለኝ። እኔንም ሸቶኛል። የፍሪሲዮን ሸራ ሲቃጠል አንዴ ያሸተተ ሰው ከሌላ ሽታ ጋር አይምታታበትም። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። «ታኮ!» ስለው መኪናው ሳይቆም ዘሎ ወረደና በዝናብ ድንጋይ እየጎተተ የኋላ ጎማዎቹ ሥር ከተተ። የጫንነው ጨው፣ ሳሙናና ቆርቆሮ ነው፤ በግራችን ያለው ገደል በጉም ተሞልቷል። እዚያው አደርን። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ አንዲት ፖምፓ ነበር፤ መርጬ ያስገጠምኳት እኔ ነኝና።

መኪናው በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ከገቡት ዚል 130ዎች አንዱ ነው። ስምንት ሲሊንደር፣ 6 ሊትር፣ 150 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነበረው። ሻንሲው ለዚያ መንገድ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቤንዚኑ ግን ከበበቃ እስከ ሚዛን ጀንፈል አመላልሼ የማገኘውን ይጨርሰው ነበር። ስለዚህ ከተገለበጠ አይሱዙ ኤፍ ኤስ አር የወጣ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ገዛሁ። ካምቢዮውን አልነካሁም። ያ ካምቢዮ ከባቹማ እስከ ጀሙ ስንት ጭቃ ያወጣኝ ነው።

ዚል ፍሪሲዮኑ የሚሠራው በብረት ዘንግ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘንጉ ሹካውን ይስባል፣ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል። አዲሱ ሞተር ሲገባ ካምቢዮው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ዘንጉ የሚያልፍበትንም ቦታ የጭስ ማውጫው ቱቦ ያዘው። ሚዛን ያሉት ሽማግሌ መካኒክ ሥር ገብተው አዩና «በዘይት እናድርገው» አሉ። ከፔዳሉ አጠገብ አንድ ፖምፓ፣ ከካምቢዮው ጎን ሌላ ፖምፓ፣ መሃላቸው ቀጭን ቱቦ።

ከዚያ በፊት ግን የሸራው ነገር ነበረ። ቮላኖውና ፕሬዠር ፕሌቱ የአይሱዙ፣ የካምቢዮው ዘንግ ደግሞ የዚል ነው። ሸራ በሁለቱ መሃል የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ ዳሩ ሞተሩን፣ የመሃሉ ጥርስ ካምቢዮውን መስማማት አለበት። የዚሉ ሸራ ስፋቱ 342 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይሱዙው ቮላኖ ላይ አልተቀመጠም። የአይሱዙው ደግሞ ዘንጉ ላይ አልገባም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሦስት ቀን ዞርኩ። አሮጌውን ሸራ በፌስታል ይዤ ከሱቅ ሱቅ ስገባ ሁሉም ስሙን ጠይቆኝ ስሙን ፈልጎ ይሰጠኛል፤ አስቀምጦ የለካልኝ አንድም አልነበረም። በነገራችን ላይ ጋራዣችን አሁንም ጣሊያንኛ ይናገራል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቮላኖ፣ ጎሚኒ ከጣሊያን ጋር የመጡ ቃላት ናቸው። ዕቃው ግን የሩሲያና የጃፓን ነው፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ ሁሉ ቋንቋ መሃል የማይዋሸው ካሊፐር ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያገኙት ሽማግሌው ናቸው። «የአይሱዙን ሸራ ግዛ፤ እምብርቱን እኔ እቀይራለሁ» አሉኝ። የሁለቱንም ሸራ ሪቬት ሰርስረው አወጡ፣ የዚሉን ጥርስ ያለውን እምብርት የአይሱዙው ሸራ መሃል ተከሉ፣ ከዚያ ቶርኖ ላይ አስረው ግማሽ ቀን አሽከረከሩት። መሃሉ በፀጉር ያህል ከሳተ መኪናው ሲነሳ ይንዘፈዘፋል። እኔ ቸኩያለሁ፤ እርሳቸው ግን አንዱን ሪቬት ሦስት ጊዜ ነቅለው መቱት። ያ ሸራ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ጥፋቱ ፖምፓዎቹ ላይ ነው። መጀመሪያ የገጠምነው የላይኛው ፖምፓ ፒስቶኑ 19 ሚሊ ሜትር፣ የታችኛው 25.4 ነበር። ፔዳሉ የላይኛውን 30 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል። ዘይት አይጨመቅም፤ ከላይ የወጣው ያህል ታች ይገባል፤ የገባበት ዕቃ ሰፊ ከሆነ ግን የሚገፋው ትንሽ ነው። ሒሳቡ በስፋቱ ካሬ ስለሚሄድ ታች የደረሰው 17 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ሹካችን 22 ያህል ይፈልግ ነበር። ፔዳሉ እንደ ጥጥ ለስላሳ፣ ማርሹ ግን ቆሞም አልገባ አለ፤ ይንገጫገጫል።

ሽማግሌው ጅማ ሄደው ነበር። እኔ ጭነት ይዣለሁ። ከአሮጌ መኪና የወጣ የፍሬን ፖምፓ አገኘሁ፣ ፒስቶኑ 25.4፤ ሰፊ ነው፣ ብሎኑም ቀዳዳው ላይ ልክ ገባ። ፔዳሉ ከበደኝ፣ ማርሹ ግን ቅቤ ሆነ። በዚያ ደስታ ተነሳሁ።

ዳገቱ ላይ ሲነጋ ረዳቱ ልጅ ጭቃ ላይ ተኝቶ ሥር ገባና የታችኛውን ፖምፓ አየር ማውጫ በቁልፍ ላላ አደረገው። እግሬ ፔዳሉ ላይ አልነበረም። ዘይቱ ግን ፊጭ ብሎ ደረቱን መታው። እግሬን ሳነሳ እንኳ ፍሪሲዮኑ ተረግጦ ነበር ማለት ነው። ዘይቱን ሲያፈስስ ሸራው መልሶ ያዘ። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ልጁ እየወረደ እያፈሰሰልኝ፣ ጭነቱን ቱም አራግፈን፣ ሚዛን ተመለስን።

ሽማግሌው ፖምፓዋን ጠረጴዛ ላይ ፈቷት። ምንም አልተቆጡም፤ ያ የበለጠ ከበደኝ። የፍሬኑ መግፊያ ዘንግ ለፔዳላችን ረዝሞ ፒስቶኑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስለዚህ ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስባት ትንሽ ቀዳዳ ተሸፍና ትቀራለች። ዘይት ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ኩሽኔታውን ይገፋል። ደግሞ ከመውጫው ጫፍ ትንሽ የጎማ ቫልቭ አወጡ። «ይቺ ለታምቡር ፍሬን ናት፤ መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት እንዲቀር። ለፍሪሲዮን ምን ታደርግልሃለች ልጄ?»

የመጨረሻዋ ፖምፓ የፍሪሲዮን ፖምፓ ናት፣ 22.2 ሚሊ ሜትር። ታች 23 ትሰጣለች። ከፔዳሉ ዘንግ ጋር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት ተውንላት። አዲስ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ተከፈተ፤ ተከፍቶ የቆየ ዘይት ከአየሩ ውሃ ይስባል፣ የሚዛን አየር ደግሞ ውሃ ነው። ልጁ ፔዳሉ ላይ፣ እርሳቸው ሥር ሆነው «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» ይላሉ። ከቀጭኗ ጎማ ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ሲወጣ፣ ሲያንስ፣ ሲጠፋ አየሁ። ተነስተው ካምቢዮው ጎን ላይ በጠመኔ 23 ብለው ጻፉ።

ነሐሴ ውስጥ ያችው ኩርባ ላይ ሆን ብዬ ቆምኩ። ልጁ ታኮ ይዞ ወረደ። ፔዳሉን ቀስ ብዬ ለቀቅኩ፤ መኪናው ሳይንዘፈዘፍ ተነሳ። ልጁ እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ተንጠለጠለና አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ቆየ።

«ምንም አይሸትም፣ ጋሼ» አለኝ።