የዋንዛው በር

ኢሉባቦር፣ ኡካ ያለው የአባቴ ቤት በር ዋንዛ ነው። ልጅ ሳለሁ የእንጨቱ ጅማት ይታይ ነበር። ከዚያ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ደግሞ አረንጓዴ ዘይት ቀለም እየተደራረበበት ዋንዛነቱ ተረሳ። ባለፈው ክረምት ያንን እንጨት እንደገና ላየው ቆርጬ፣ አዲስ አበባ ሪሙቨር የሚሉትን ቀለም ማስለቀቂያ ገዛሁ። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዤ መቱ፣ ከመቱም ኡካ ገባሁ።

የኢሉባቦር ክረምት ፋታ አይሰጥም። በሩን ነቅዬ ደጅ ልሠራው ብል ዝናቡ አላስወጣ አለኝ። ጓዳ ወለል ላይ አጋደምኩት፤ ወጨፎው እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋሁ፤ አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ አጎነበስኩ። ቀለሙ እንደ ፈላ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቦ ሲነሳ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰዓቱንም ረሳሁት።

መጀመሪያ ግንባሬን ጨመደደኝ። ረሃብ መሰለኝ። ቀጥሎ ጉልበቴ ከዳኝ። አክስቴ ለቡና ከሰል ያቀጣጠለችበትን ምድጃ ይዛ ብቅ ስትል የጓዳው ደጃፍ ላይ ቆም አለችና፣ «ልጄ፣ ከሰሉ ገና አልገባም፤ አንተ ግን ከሰል የመታው ሰው መስለሃል! ውጣ!» አለች። ምድጃዋን ዝናቡ ውስጥ ጥላ እኔን ጎትታ በረንዳ አወጣችኝ።

ትክክል ነበረች፤ ያወቅሁት ግን ቆይቼ ነው። ጣሳው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሜቲሊን ክሎራይድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል የሚገድለን በዚሁ ጋዝ ነው። ከክፍሉ ከወጡ በኋላም ሰውነት ማምረቱን ለሰዓታት አያቆምም፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ብቻ ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ እኔም እዚያው አጎንብሼ ነበር። ነጠላ አያግደውም፤ ቀጭን የላስቲክ ጓንትም ቶሎ ያሳልፈዋል። እሳት ካገኘው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀው ፎስጂን ሊወጣው ይችላል። የአክስቴ ምድጃ ሦስት እርምጃ ነበር የቀረው። ይህን ማስለቀቂያ አሜሪካ በ2019 እ.ኤ.አ. ለቤት ተጠቃሚ እንዳይሸጥ ከልክላዋለች።

መቱ ያማከርኩት አናጺ «ኮስቲክ ሶዳ ይሻልሃል» አለኝ። እንዲህ የሚያሰክር ትነት የለውም፤ ነገር ግን ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ አንዳንዱን እንጨት ያጠቁራል፣ ማጣበቂያውንም ይፈታል። አልደፈርኩም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን በማግስቱ ያየሁት ነው። የጎረቤት ልጆች የተላጠውን ቅራፊ እየለቀሙ ይጫወቱበታል። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ብላ የገደበችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ በር ቀለም ደግሞ ከዚያ በፊት የተቀባ ነው። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። ከእጃቸው ነጥቄ አስታጠብኳቸው፤ አቧራው እንዳይነሳ ወለሉን ሳልጠርግ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩት፤ ብርጭቆ ወረቀቱንም ሳልነካው አስቀመጥኩት።

በሩ ግማሹ እንደተላጠ ተመልሶ ተሰቀለ። አክስቴ ስደውልላት ስለ እሱ አትጠይቀኝም። «ያ ጣሳ ግን?» ትለኛለች። ግማሽ ቀርቶታል። ቡናው ሥር አይደፋ፣ ወንዝ አይደፋ። ክዳኑን አጥብቄ፣ ልጅ የማይደርስበት ቆጥ ላይ እንዳስቀመጥኩት ነው።