ካሩራን አልፎ ባናና

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ስለ እንቅልፍ ሲያወራ ስለ ተቀየመው ዘመድ የሚያወራ ይመስላል፤ «ድሮ እኔም ጋ ይመጣ ነበር» ይላል።

ሰፈሩም ቢሆን አያስተኛም። የ6 እና የ9 ቁጥር ማታቱዎች፣ የከተማው ሚኒባሶች መሆናቸው ነው፣ ጎህ ሳይቀድ ሙዚቃቸውን ለቀው ይጮኻሉ። ከሜሩ በፒክአፕ እየተከነፈ የሚመጣው ሚራ፣ የኛው ጫት መሆኑ ነው፣ ወሬውን እኩለ ሌሊት ያሻግረዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ካገደችው ወዲህ ለንደን ይቃም የነበረው ሁሉ የኔ መስኮት ሥር የሚቃም ይመስለኛል። ኬንያ የድምፅ ብክለት ደንብ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ለመኖሪያ ሰፈር በሌሊት የፈቀደው 35 ዴሲቤል፣ ሹክሹክታ ማለት ነው። ደንቡ ኢስሊ ሳይደርስ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል።

ማታቱን ብቻ መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አከራዬ እትዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ቡና ያፈላሉ። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል «በረካውን ረግጠህ ልትሄድ?» ይላሉ። የቡናው ኃይል ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል ብላቸው፣ «እኔ እሱን ካልጠጣሁ አልተኛም» ብለው ዘጉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ማንኮራፋታቸው ግድግዳ ያልፋል።

የደም ግፊቴን የለካኝ ሐኪም ሁለት ቁጥር ሰጠኝ፦ በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። ከእንቅልፉ ካልቆረጥኩ የእርምጃው ጊዜ ከየት እንደሚመጣ አልነገረኝም።

«ጋሼ፣ ካሩራ ለምን አይሄዱም?» አለኝ የጎረቤቴ ልጅ። ካሩራ ከመሐል ከተማው በስተሰሜን ያለ 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሆን ደን ነው። የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይ መሬቱ ለግለሰቦች እንዳይቸበቸብ ብላ እ.ኤ.አ. በ1999 ችግኝ ልትተክል ሄዳ ተፈንክታበታለች፤ የኖቤል ሽልማቷ የመጣው በ2004 ነው። ዛሬ በሩ ላይ ከፍለው ገብተው ይሮጡበታል፣ ውሻ ያንሸራሽሩበታል። የአንዳንዱ ሯጭ ጫማ የኔን የወር ኪራይ ይከፍላል።

ቅዳሜ በጨለማ ተነስቼ መሐል ከተማ በካሩራ በር የሚያልፈውን የባናናን ማታቱ ያዝኩ። ስፒከሩ ከመቀመጫዬ ሥር ነው፤ ከበሮው ሆዴ ውስጥ ይደልቃል። እንቅልፍ የመጣልኝ ይኸኔ ነው! ያውም ሕልም ያለው፣ ለሃጭ ያለው እንቅልፍ። ሙታይጋ አለፈ፣ የካሩራ በር አለፈ፣ የተባበሩት መንግሥታት ያለበት ጊጊሪም ሩዋካም አለፉ። ረዳቱ ትከሻዬን ነቅንቆ «ምዜ፣ ምዊሾ!» ሲለኝ፣ መጨረሻ ደርሰናል ማለቱ ነው፣ ባናና የምትባለው ከተማ ላይ ነኝ። ጎኔ የነበረው ሰውዬ የለም። ኪሴን ብዳብስ ስልኬም የለም። ሰው ሁሉ የሚከፍለው በስልክ፣ በኤምፔሳ በሆነበት አገር ስልክ ሄደ ማለት ቦርሳ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ በእግሬ ቁልቁል ወደ ናይሮቢ ጀመርኩት። የእግረኛ መንገድ ባለቀበት ሁሉ ቦይ እየዘለልኩ ነው። እዚያ ላይ ያየሁት የእግረኛ ብዛት! ምሳውን በፌስታል ያንጠለጠለ፣ ልጅ ያዘለች፣ የግንበኛ ማንኪያ የያዘ። አንዱም ለግፊቱ ብሎ የወጣ አይመስልም።

ሩዋካ አካባቢ የጥበቃ ሹራብ የለበሰ ጎልማሳ ሽቅብ ሲመጣ መንገድ ጠየቅሁት። ጊጊሪ አንድ ግቢ ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12 ቆሞ አድሮ መመለሱ ነው። (የስዋሂሊ ሰዓት እንደኛው ከንጋት ስለሚቆጥር እዚህ ላይ አንጣላም።) ሲሄድ አንድ ሰዓት፣ ሲመለስ አንድ ሰዓት በእግሩ፤ የሐኪሜን 150 ደቂቃ ማክሰኞ ላይ ይጨርሳታል።

«እንቅልፍስ?» አልኩት።

«አራት ሰዓት ካገኘሁ እግዜር ይመስገን። ቀን ልጆች አሉ፣ ቆርቆሮው ይግላል።» ከዚያ ጫማዬን አየና «አንተስ ወዴት ነህ?» አለኝ።

ካሩራ ልራመድ ወጥቼ ነው አልኩት።

«እዚያ እኮ ይከፈላል።»

«አዎ፣ ልከፍል ነበር።»

አፈጠጠብኝ። ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ የሚሄደውን የሥራ ባልደረባውን ጠርቶ፣ መኪናው ሁሉ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ በስዋሂሊ ጮኾ ነገረው፤ እየተሳሳቁ ሽቅብ ቀጠሉ።