ለክቡር አዲሱ ተወካያችን፣ አናፖሊስ

ክቡር ሆይ፣

በኖቬምበር 2022 ተመርጠው፣ በጃንዋሪ 2023 ቃለ መሐላ ፈጽመው ከ141ዱ የሜሪላንድ ተወካዮች አንዱ ከሆኑ ወዲህ ያሳዩት እድገት ያስደንቃል። ሌላው ጀማሪ መጀመሪያ የኮሚቴ አሠራር ይማራል፤ እርስዎ በቀጥታ በፎቶ መነሣት ተመረቁ።

ለቅስቀሳ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመጡ ጉርሻችንን ሳይግደረደሩ ጎርሰው፣ «በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው» ብለውን ነበር። እኔም በ2024ቱ ጉባኤ ያንን በር ብዬ መጣሁ፤ በቀጠሮ። ከሥራ አስፈቅጄ፣ የክት ሱፌን ለብሼ፣ ስለ ቤት ኪራይ የምናገረውን በወረቀት ጽፌ። በሩ እውነትም ክፍት ነበር፤ በስልክ ስለ ጎልፍ ሲያወሩ ከኮሪደሩ ወንበር ላይ ሆኜ አንድም ቃል አላመለጠኝም። የቀጠሮዬ ሰዓት አልፎ፣ ጨዋታውም አልቆ ብቅ ሲሉ ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ። እርስዎ ግን ባዶ እጄን ትክ ብለው አይተው «ምግቡን የት አስቀመጥከው?» አሉኝ።

ምግብ ማድረስ የተከበረ ሥራ ነው። ምግብ አድራሹስ ቢሆን መራጭ አይደለም? እኔ ግን ባለጉዳይ መሆኔን ሳስረዳ ቅንጣት አልደነገጡም። ትከሻዬን አቅፈው «ፎቶ!» አሉ፤ ረዳትዎ አነሣን። ወረቀቴን እስክዘረጋ እርስዎ ሊፍት ገብተዋል።

ከዚያ ፎቶው ለደጋፊዎች በሚልኩት ኢሜይል መጣልኝ። ከሥሩ «ከአፍሪካ የመጡ እንግዳን ሳዳምጥ» ይላል።

እንግዳ? የመረጥኩህ ሰው ነኝ እኮ! ግብር የምከፍል፣ ልጆቼን እዚሁ የማሳድግ! ምኔን ነው ያዳመጥከው? መቼ አስተነፈስከኝ?

ይቅርታ ክቡር ሆይ፤ አንቱታው አመለጠኝ።

ካውንቲዎች ተከራይን ያለ በቂ ምክንያት ማስወጣትን እንዲከለክሉ ይፈቅድ የነበረው ረቂቅ በዚያው ዓመት የእናንተን ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ውስጥ መቅረቱን ሰምቻለሁ። ጉባኤው በዓመት 90 ቀን ብቻ መሆኑንም አውቃለሁ፤ ጊዜ ያጥራል። ለፎቶ ግን አላጠረም።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ከፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍ ይታረም። «የምርጫ ወረዳዬ ነዋሪ፤ አላዳመጥኳቸውም» ይባል።

በኖቬምበር 2026 141ዱም ወንበሮች ለምርጫ ይቀርባሉ። እንግዳውም ድምፅ ይሰጣል።

መራጭዎ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ