የነጯ ኳስ ፍጥነት

ፒያሳ ላይ የፑል ተጫዋች ጉልበት የሚዳኘው በጆሮ ነው። ኳሶቹ በሦስት ማዕዘኑ ተሰድረው ነጯ ስትበትናቸው ቤቱ ከተናጋ «ይሄ ልጅ ይመታል!» ይባላል። ካልተናጋ ተረኛው ጠመኔውን የስቲኩ ጫፍ ላይ እያሸ ፊቱን ያዞራል። በዚህ ዳኝነት ተስማምቼ አላውቅም። የቆርቆሮ ጣሪያ የማያስጮኸው ነገር የለም፤ የጣውላ ወለል ደግሞ ይጨምርበታል። ስንቱ ደህና መቺ ፀጥ ባለ ግንብ ቤት ስለተጫወተ ብቻ ሳይነገርለት ቀርቷል።

እኛ በምንጫወትበት ቤት ክርክሩ በሁለት ሰዎች መካከል ነበር። አንዱ ሲመታ ትከሻው ከስቲኩ ጋር አብሮ የሚሄድ ጎረምሳ ነው። ሌላው ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዶሮ ማነቂያ ተወልደው ያደጉና ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር በታክሲ እየመጡ የሚጫወቱ ሰው ናቸው። ጋሼ መጀመሪያ የለመዱት ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ፣ ከጣሊያኖች በቀረው ከረምቡላ ነው፤ ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትጠፋ ዛሬም ደስ አይላቸውም። ጎረምሳው ነጯ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አለ። ጋሼ «መኪና እንኳ የቸርችልን ቁልቁለት በመቶ አይወርድም፤ ተው ልጄ!» አሉት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኔም ቁጥሩ መታወቅ አለበት ብዬ ተነሳሁ።

ስሌቱ ርቀትን ለጊዜ ማካፈል ነው። ርቀቱ ቀላል ነበር፤ ከጎን ካለው ልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ለካሁ። የጠረጴዛው የመጫወቻ ሜዳ ርዝመት 223 ሳንቲ ሜትር ነው። ነጯ ከመምቻው መስመር ላይ ተነስታ ከፊተኛዋ ኳስ ጋር እስክትጋጭ፣ የኳሷ ውፍረት ሲቀነስ፣ የምትጓዘው 106 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መከራው ጊዜው ላይ ነው። ይህን መንገድ ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ትጨርሰዋለች። በእጅ ሰዓት የሚያዝ አይደለም።

ቪዲዮ ሞከርን። ተራ ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ያነሳል፤ በሰከንድ 9 ሜትር የምትሮጥ ኳስ ከአንዱ ምስል እስከ ሌላው 30 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች። ስክሪኑ ላይ የታየን ኳስ ሳይሆን ነጭ ጭረት ነው። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ የያዘ ደንበኛ ተገኘ፤ በእሱ ቢሆን በየምስሉ የምታልፈው አራት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ምስል በፈጠነ ቁጥር ብርሃን ይጠይቃል፤ ጠረጴዛው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ደግሞ ለዐይን የማይታይ ብልጭታ አለው። የተቀረፀው እየጨለመ እየበራ የሚሄድ አረንጓዴ ጨርቅ ሆነ። ባለስልኩም ተደውሎለት ስድስት ኪሎ ሄደ።

ስለዚህ ወደ ጆሮ ተመለስን፤ ለጩኸቱ ትልቅነት ግን አይደለም። አንድ ምት ሁለት ድምፅ አለው፦ ስቲኩ ነጯን ሲነካት አንድ፣ ነጯ ከፊተኛዋ ኳስ ጋር ስትላተም ሌላ። በስልክ ተቀርፆ በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሲከፈት ሁለቱ እንደ ሾጣጣ ተራራ ቆመው ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ጊዜው ነው። ስልኩ ከሁለቱ ቦታዎች እኩል ርቀት ላይ፣ ጠርዙ ላይ መቀመጥ አለበት። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ስልኩ ለአንደኛው በአንድ ሜትር ከቀረበ ሦስት ሺኛ ሰከንድ ያህል ይዛባል።

ፒያሳ ግን ለድምፅ ልኬት የተሠራ ቦታ አይደለም። በአንድ ቅጂ ውስጥ የወያላው «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!»፣ የሙዚቃው ከበሮና የጎረቤት ጠረጴዛ ግጭት ተደራርበው ተራራው የትኛው እንደሆነ ጠፋ። ጠዋት ቤቱ እንደተከፈተ ሞከርን፤ ከጊዮርጊስ የሚመጣው የቅዳሴ ድምፅ ከሁሉ በላይ ነበር። ዝም በል የሚባል አይደለም።

በዚህ መሃል ጋሼ ሌላ ጥያቄ አነሱ። ነጯ ከሌሎቹ ጋር የመጣች አይደለችም፣ ትከብዳለች አሉ። ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኩል የሚመዝኑ ኳሶች ፊት ለፊት ሲጋጩ፣ ሳትሽከረከር ተንሸራታ የመጣች ነጭ ባለችበት ትቆማለች፤ ከከበደች ግን እየገፋች ታልፋለች። የቤቱን ልጅ አስፈቅጄ ነጯንና አንዲት ቀይ ኳስ ይዤ ወደ ወርቅ ቤቶቹ ወረድኩ። ፒያሳ ላይ ከወርቅ ሚዛን የተሻለ ምን ሚዛን አለ? ባለሱቁ ነጯን ሲያስቀምጣት ከሚዛኑ ላይ ተንከባለለች። ዝም ብሎ ከመስተዋቱ ስር አንድ ወፍራም የወንድ ቀለበት አወጣና መዘነው፤ ከዚያ ኳሷን ቀለበቱ ላይ አስቀምጦ የቀለበቱን ቀነሰ። ነጯ 169 ግራም፣ ቀይዋ 154። መደበኛው ከ156 እስከ 170 ስለሆነ፣ ቀይዋ በዘመናት ግጭት አልቃለች ማለት ነው። ጋሼ የ15 ግራሙን ልዩነት ያገኙት በስቲክ ብቻ ነው። ከወርቅ ቤት ወጥቼ ይህን እያሰብኩ ነበር የሄድኩት።

ስመለስ ቤቱ ታምሷል። የፈቀደልኝ ልጅ ምሳ ወጥቷል፤ የተተካው ስለ ነገሩ አልሰማም። ሁለት ተጫዋቾች ገንዘብ ከፍለው ነጭ ኳስ በማጣታቸው አንዱ ሌላውን ደብቀሃል ብሎ በልብሱ ይዞታል። ኳሷን ከኪሴ ሳወጣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ የቤት ኳስ ይዘህ የት ነው የምትሄደው?» ምሳ የወጣው ልጅ ተጠርቶ እስኪመጣ በር ላይ ቆምኩ። የጌሙን ሂሳብ ከፈልኩላቸውና ተረጋጉ። የቀለበቱን ነገር ስነግራቸው ግን አንደኛው ነጯን በእጁ ይመዝናት ጀመር።

ልኬቱን ያዳነው መብራት መጥፋቱ ነው። አንድ ምሽት ሙዚቃው በመሃሉ ተቆረጠ፣ ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ቆሙ፣ ሰዉ የስልኩን ባትሪ አበራ። ጎረምሳው «አሁን!» አለ። ኳሶቹ ተሰደሩ፤ ሁሉም እስትንፋሱን ዋጠ። ቅጂው ላይ ሁለቱ ተራሮች ጥርት ብለው ቆሙ፤ መካከላቸው 118 ሺኛ ሰከንድ። 106 ሳንቲ ሜትር ለዚህ ሲካፈል በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ፣ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ነው። ከመቶው ሩቅ ነው፤ ሆኖም ታላላቅ ተጫዋቾች የሚበትኑት በአብዛኛው በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ስለሆነ፣ የአራዳው ልጅ የሚያፍርበት ቁጥር አይደለም። የጋሼ 140 ሺኛ ሰከንድ፣ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ሆነ።

ጎረምሳው ሲደግም ግን ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ተወራጨ። የጋሼ ከ27 ንቅንቅ አላለም። እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ጋሼ ነጯን ከመሃሏ ትንሽ ከፍ አድርገው ነው የሚመቷት። ጋስፓር ኮሪዮሊስ የተባለው ፈረንሳዊ፣ በነፋስ አቅጣጫ ላይ ባለው ሕግ ስሙ የሚነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቢሊያርድ ሒሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ኳስ ከቁመቷ ሰባት አሥረኛው ላይ ስትመታ ሳትንሸራተት ወዲያው መንከባለል ትጀምራለች፤ መሃሏ ላይ ስትመታ ግን ተንሸራታ እስክትንከባለል ከፍጥነቷ ሁለት ሰባተኛውን ለጨርቁ ትከፍላለች፣ አምስቱ ይቀራታል። ጋሼ መጽሐፉን አላዩትም። ቦታውን ያውቁታል።

መብራት ሲመጣ ጋሼ አንድ ነገር ጠየቁ። «በዝግታ የምትሄደውስ? ግድግዳው ጋ ደርሳ የምትቆመው?» እሷን መለካት ከሁሉ ይቀላል። እየተንከባለለች እኩል እየደከመች የምትቆም ኳስ ስትነሳ የነበራት ፍጥነት የአማካዩ እጥፍ ነው። ጋሼ ነጯን ገፋ አደረጓት፤ ጎረምሳው በስልኩ ሰከንድ ቆጠረ። ሁለት ሜትር ያህሉን በአምስት ሰከንድ ጨርሳ ጠርዙን ሳትነካ ቆመች። መነሻዋ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ በፒያሳ በኩል ተዝናንቶ የሚያልፍ ሰው ይቀድማታል። ደገሙት፤ ከመጀመሪያው ጣት በማይሞላ ርቀት ቆመች። ጎረምሳው ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ ስቲኩን አነሳና ሞከረ፤ ጠርዙን መትታ ተመለሰች። እንደገና ሞከረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። ጋሼ ክርኑን ያዙለት፤ ተራ የያዙትም ጠረጴዛው እንዲለቀቅ መጮኽ ጀመሩ።