ዘንድሮማ የእኛ ነው!

የሲድኒው ራግቢ ሊግ ክለብ የፓራማታ ኢልስ ደጋፊዎች ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዋንጫ አላዩም። ቢሆንም የካቲት በገባ ቁጥር፣ ገና ኳስ ሳይነካ፣ «ዘንድሮማ የእኛ ነው!» ይላሉ።

በ2009 ለፍጻሜ ደርሰው በሜልበርን ስቶርም ተሸነፉ። በዓመቱ ሜልበርን ከደመወዝ ጣሪያ በላይ ሲከፍል መኖሩ ተደረሰበትና ዋንጫውን ተነጠቀ፤ ለፓራማታ ግን የሰጠው የለም። በ2022 ደግሞ ጎረቤታቸው ፔንሪዝ በፍጻሜው 28 ለ 12 ሸኛቸው።

ሊጉ ሳይጀመር ያለው ሳምንት ግን ለእነሱ የተሰፋ ነው፤ ያልተጫወተ አይሸነፍም። ሁሉም ዜሮ ነጥብ ስላለው፣ ሰንጠረዡ በፊደል ተራ ከተደረደረማ ፓራማታ ከፔንሪዝ ይቀድማል!

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ መጨፈር ካማራችሁ ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ጨፍሩ።