ማን ማንን ይጥላል? በጀሞና አካባቢው ስለሚካሄደው የአኒሜ ተፋላሚዎች የኃይል ምዘና የቀረበ ጥናት

የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1681 ከታተመ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። አባ ጎርጎርዮስ ለዚያ ጀርመናዊ ስለ ቋንቋችን፣ ስለ ነገሥታታችንና ስለ ሃይማኖታችን ብዙ ነግረውታል። «ጎኩና ሳይታማ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል?» በሚለው ላይ ግን ትንፍሽ አላሉም። ከእሳቸው ወዲህ የመጡት ሊቃውንትም ዜና መዋዕሉን፣ የመሬት ስሪቱንና የቅኔውን መንገድ ሲመረምሩ ይህን ጥያቄ ዘለው አለፉ። በዚህም ምክንያት በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጸጉር ቤቶች በየቀኑ የሚመነጨው ዕውቀት ማንም ሳይመዘግበው ከተቆረጠ ጸጉር ጋር እየተጠረገ ይወጣል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል።

የጥናቱ ክልል ከጎፋ ማዞሪያ ተነሥቶ በመካኒሳና በጀርመን አደባባይ አልፎ፣ ለቡን ይዞ ጀሞ ሦስት ላይ ያበቃል። አየር ጤናና ካራ ቆሬ ሆን ተብሎ ተትተዋል። በዚያ በኩል ያሉ ተከራካሪዎች ከማስረጃ ሁሉ የሚያስቀድሙት የድምፅ ከፍታን ስለሆነ ውጤቱን ያዛባሉ ተብሎ ተሰግቷል።

መረጃ የሚሰበሰብበትን ቦታ መምረጡ ቀላል አልነበረም። ፑል ቤት በቅድሚያ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ተከራካሪው ሁሉ ዱላ በያዘበት ቤት ነጻ ሐሳብ አይገኝም። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ደግሞ ክርክሩ «ና፣ እንግጠም» በሚል ወዲያው ይቋጫል፤ ይህ የሚያረጋግጠው የጣትን ፍጥነት ብቻ ነው። በጸጉር ቤት ግን ለምሁራዊ ውይይት የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል፦ ወንበር፣ መስታወት፣ ወረፋና ሥራ የፈታ ሰው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ ጨርቁን እስከ አንገቱ ተከናንቦ፣ የግራ ጎኑ ተላጭቶ የቀኙ እንዳለ፣ ስለ ናሩቶ ተፋላሚዎች «ኢታቺ ባይታመም ኖሮ ማዳራን…» ብሎ ይጀምራል። ጸጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ያጠፋል። ቤቱ ጭጭ ይላል። ወጣቱ በመስታወት የራሱን ጭንቅላት ያያል፤ ቀጥሎ ቶንዶሱን ያያል። «ማለቴ… ይከብደው ነበር» ይላል። ቶንዶሱ ይበራል። በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ምሁር ጽሑፍ በሌሎች ምሁራን ይታረማል ይባላል፤ እንዲህ ባለ ፍጥነት የሚታረም ግን ያለ አይመስልም።

ከሁሉ ቀድሞ የተገኘው እውነት የኃይል ደረጃ ከተፋላሚው ጉልበት ይልቅ በተከራካሪው ዕድሜ የሚወሰን መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ አንደኛ የሚያደርገው ሰባተኛ ክፍል ሳለ ያየውን ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ያደጉት አባቶች ብሩስ ሊን አስቀምጠው ሌላውን አይሰሙም። መስፈርታቸውም አንዲት ጥያቄ ናት፦ «አክተሩ ማነው?» እሱ ከታወቀ አለቀ፤ አክተር አይሞትም። ቀጥሎ የዲሽ ትውልድ መጣ። ይህ ትውልድ ካርቱኑን ያየው በስፔስቱንና በኤምቢሲ ሦስት፣ በዐረብኛ ስለሆነ፣ አንዲት ቃል ሳይገባው ታሪኩን ከራሱ እያዋጣ አደገ። ጃፓኖች ሱባሳ ያሉትን ኳስ ተጫዋች ዐረቦቹ ማጂድ አሉት፤ እኛም ማጂድ ብለን ተቀበልን። እሱ የመታት ኳስ መረብ እስክትነካ ድረስ ዳቦ ተገዝቶ ይመጣ ነበር። እንዲህ ሆኖ የሠለጠነን ተከራካሪ «ራሱ ጎኩ እኮ እንዲህ ብሏል» ብሎ መርታት አይቻልም፤ ጎኩ ያለውን ሰምቶት አያውቅም። የፍላሽ ትውልድ ሌላ ችግር አለበት። ፊልም ከሚጭን ሱቅ ክፍሎቹን እንደተዘበራረቁ ስለሚወስድ፣ ተፋላሚው ከተቀበረ በኋላ ሲወለድ ያያል። በመሆኑም ሞትን እንደ ማስረጃ አይቀበልም። በስልክ የሚያየው የዛሬው ልጅ ደግሞ ፓኬጁ ሲያልቅ አቋሙም ያልቃል።

ጉልበትን በቁጥር የመለካት ሙከራም ነበር። አኪራ ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በ1984 በጀመረው ድራገን ቦል ውስጥ ዓይን ላይ የሚደረግ መሣሪያ አለ፤ ሰውን አይቶ የጉልበቱን ልክ ይናገራል። ጠመንጃ የያዘ አንድ ገበሬ 5 ወጣው። የጎኩ ጠላት ፍሪዛ 530,000 ነው። በጀሞ ቅሬታ የተነሣው በፍሪዛ ላይ አይደለም። አያቶቻቸው ከጎጃምና ከመንዝ የመጡ መረጃ ሰጪዎች ጠመንጃ የያዘ ገበሬ 5 ብቻ ሊሆን እንደማይችል፣ መሣሪያው መበላሸቱን አጥብቀው ይናገራሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ጄኔራል ባራቲየሪም የገበሬውን ጉልበት የለካው በዚሁ መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም።

ቶሪያማ ራሱ ኋላ ላይ ቁጥሩን ተወት አድርጎታል፤ ሰፈሩ ግን አልተወም። ደራሲው የካቲት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስላረፈ ይግባኝ የሚባልበት ችሎትም ተዘግቷል። ስለዚህ አንዳንዶች ወደ ዋን ፒስ ዞረዋል። ኤይቺሮ ኦዳ ይህን ታሪክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ በየወንበዴው ራስ ላይ የተቆረጠ ዋጋ አለ። አክተሩ ሉፊ በ30 ሚሊዮን ቤሪ ጀምሮ 3 ቢሊዮን ደርሷል። ይህን የጉልበት መለኪያ ነው የሚሉ አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው የሉፊን ባልደረባ ቾፐርን ይጠቅሳሉ፤ በመጀመሪያ 50 ቤሪ፣ ቆይቶ 100፣ ከዚያ 1,000 ተባለለት። በአጥኚው እምነት ይህ ንረት ነው። የጀሞ ኮንዶሚኒየም ዋጋም እንዲሁ ሲወጣ ኖሯል፤ ብሎኩ ጡንቻ አወጣ ያለ ሰው ግን የለም።

ለፈረንጅ ተመልካች ትልቁ እንቆቅልሽ ተፋላሚው ከመምታቱ በፊት ያን ሁሉ ለምን እንደሚያወራ ነው። የሚመታበትን ስልት ስም ጮኾ ይጠራል። ማን እንዳስተማረው፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስልቱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይቀር ያስረዳል። ጠላትም ቆሞ ይሰማል። «ዘራፍ!» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ግን ይህ አይገርምም። ፎካሪ አባቱን ጠርቶ፣ ግዳዩን ቆጥሮ፣ ወዲያ ወዲህ ተንጎራድዶ ነው የሚዋጋው። ሳይፎክር በቴስታ የሚማታ ጀግና አይባልም፤ የቄራ ቀማኛ ነው። የማዕረግ ስሙም ነገር ያው ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። ጎኩ ፈረስ ስለሌለው ማዕረግ ሲጨምር ጸጉሩ ይለወጣል፤ ሱፐር ሳይያን የሆነ ዕለት ወርቅማ ሆኖ ቀጥ ይላል። በዚህ ነጥብ ላይ የጸጉር አስተካካዩ ሙያዊ ምስክርነት ክብደት ተሰጥቶታል፦ ቀለሙ በቀለም ይመጣል፣ አቋቋሙ ግን ያለ ጄል አይሆንም።

ሳይታማ በጸጉር ቤት ተገቢውን ፍትሕ የማያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንንም በአንድ ቡጢ ይዘርራል፤ ሆኖም መላጣ ነው። ጸጉር አስተካካይ መላጣን አንደኛ እንዲያደርግ መጠየቅ የጥቅም ግጭት ያስከትላል። ሳይታማ ለዚህ የበቃው በየቀኑ 100 ፑሽአፕ፣ 100 ሲትአፕ፣ 100 ስኳት ሠርቶ 10 ኪሎ ሜትር በመሮጥ እንደሆነ ይናገራል። በሌላ አገር እዚህ ላይ ይሳቃል። እዚህ ግን 10 ኪሎ ሜትር የሚለው ሲሰማ ቤቱ ቅር ይለዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ይህን ያህል የሮጠው ትምህርት ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፤ መልሱ ሌላ 10 ነው። ደብተሩን ይዞ ይሮጥ ስለነበር ግራ ክንዱ እንደታጠፈ ቀርቶ ዓለም ሁሉ አይቶለታል። የናሩቶ አሯሯጥ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱን እጆቹን ወደ ኋላ ለቆ ደረቱን አስቀድሞ ይሄዳል። የጀሞ ሕፃናትም ኮብልስቶኑ ላይ እንዲሁ እየሮጡ ጉልበታቸው ይላጣል። በዚህ አሯሯጥ ደብተር እንደማይያዝ ከሰኔ ውጤታቸው መረዳት ይቻላል። እግረ መንገዴን፣ ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያንን ቀድሞ የሚናገር የዓይን መሣሪያ ካለ ጀሞ ድረስ መጥቶ ይሞከር።

ወደ ትንቢቱ እንግባ። በክልሉ ከሚነገሩት የትንቢት ሕጎች ሁሉ በተደጋጋሚ ሲሠራ የታየው አንድ ብቻ ነው። በፍልሚያ መካከል የአንዱ ልጅነት በትዝታ ከታየ፣ አክተሩ ከሆነ ይነሣል፤ ክፉው ከሆነ ይሞታል። የክፉው እናት ከታየች ደግሞ ከማስታወቂያ በፊት ያልቅለታል። ይህን ሕግ ከሁሉ የተሻለ የሚሠሩበት የተፋላሚዎቹን ስም እንኳ የማያውቁ የመካኒሳ እናቶች ናቸው። ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ቡናውን በማማሰያ እያዟዟሩ፣ ቀና ብለው አንድ ጊዜ ያዩና «አይ፣ ይሄ ልጅ ዛሬ አያድርም» ይላሉ። አያድርም። ዕውቀታቸው የመጣው ከተከታታይ ድራማ ነው፤ የጃፓኑን ከቱርኩ የሚለዩት በዓይን ትልቀት ብቻ ነው።

ሕጉ አንድ ጊዜ ከድቷል። መስከረም 2016 ዓ.ም. ደመራው ሊደመር ጥቂት ሲቀረው፣ ክልሉ በሙሉ የጁጁትሱ ካይሰኑን ሳቶሩ ጎጆን ከሱኩና ጋር አጋጥሞ ይጠብቅ ነበር። ጎጆ ቀደም ሲል «ትሸነፍ ይሆን?» ተብሎ ተጠይቆ እንደሚያሸንፍ ያለ ምንም ማመንታት መልሷል፤ ፉከራውም ሥርዓቱን የጠበቀ ነበር። በ235ኛው ምዕራፍ ማሸነፉ ተነገረ። በ236ኛው ምዕራፍ ለሁለት ተከፍሎ ተገኘ። ፍልሚያው ራሱ አልታየም፤ ደራሲው ጌጌ አኩታሚ የመጨረሻውን ምት ዘሎታል። ይህ የሥነ ዘዴ ቀውስ አስከተለ። አክተር አይሞትም የሚለው ወገን «ድሮም አክተሩ ዩጂ ነበር» ብሎ አመለጠ። ቁጥር ቆጣሪው ቁጥሩን እንደገና ቆጠረ። አንዲት እናት ልጃቸው «ጎጆ እኮ ፈረሰ» እያለ ሲነፋረቅ ሰምተው የቀበሌው ሰዎች መጡ ብለው ወደ በር ወጡ።

ከዚህ በኋላ የማንጋ አንባቢው ጉዳይ አጣዳፊ ሆነ። ሌላው አኒሜው እስኪሠራ ሲጠብቅ፣ እሱ መጽሐፉን ጨርሶ ቁጭ ያለ ሰው ነው። ማን እንደሚሞት ያውቃል፤ አይናገርም። «ታያለህ» ብቻ ይላል፤ ሲብስም ፈገግ ይላል። ይህ በሰምና ወርቅ መናገር ራሱ ባልከፋ፤ ችግሩ ለመወራረድ ያለ ልክ የሚቸኩል መሆኑ ነው። በዚህም በርካታ ለስላሳ ያለ አግባብ ተጠጥቷል። ስለዚህ ማንም ከመወራረዱ በፊት ማንጋ አለማንበቡን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ተደነገገ። መሐላው እንደየአጥቢያው ነው፦ በመካኒሳ «ሚካኤልን»፣ በጎፋ «ገብርኤልን»፣ በሃና ማርያም በኩል «ማርያምን»። የጎፋ ልጅ መካኒሳ መጥቶ በገብርኤል ቢምል መሐላው ከአጥቢያው ውጪ ስለሆነ አይጸናም። አንዳንዱ ይህን አውቆ ታክሲ ተሳፍሮ ይመጣል።

በአሁኑ ጊዜ በክልሉ በይፋ ተይዞ የሚገኘው ትልቁ ትንቢት የዋን ፒሶቹ ሰይፈኞች የዞሮና የሚሆክ ነው። ዞሮ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ በሚሆክ ደረቱ ተሰንጥቆ ወድቋል፤ ዳግመኛ ላለመሸነፍም በጩኸት ምሏል። ፉከራው አለ፣ ቂሙ አለ፣ ልጅነቱም በትዝታ ታይቷል፤ በመካኒሳ እናቶች ሕግ ከሄድን ሚሆክ ከወዲሁ የተዝካር እህሉን ይቁጠር። አጥኚውም ለዞሮ ነው። ሆኖም ኦዳ ገና አላጋጠማቸውም።

ውርርዱ የተያዘው ከብዙ ጊዜ በፊት በለስላሳ ሲሆን፣ ብሩ በጸጉር አስተካካዩ መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ምላጭ ጋር ተቀምጧል። ከተወራራጆቹ አንዱ በዚህ መሐል አግብቶ ወደ ኮዬ ፈጬ ገብቷል። የለስላሳም ዋጋ በየጊዜው ስለጨመረ፣ የተያዘው ብር ኦዳ ፍልሚያውን እስኪሥል የቆርኪ መክፈያ እንኳ እንደማይሆን ግልጽ ሆነ። ጉዳዩ በቤቱ ታይቶ ብሩ ቀርቶ ውርርዱ በጠርሙስ እንዲቆጠር ተወሰነ። ጠርሙሱ ኮካ ይሁን ሚሪንዳ በሚለው ላይ ግን ተሰብሳቢው ለሁለት ተከፍሏል፤ ወንበሩ ላይ ያለው ልጅም የቀኝ ጎኑ ገና አልተላጨም።